ከዐለቱ ወዲህና ወዲያ

የላይኛው መንደርና የታችኛው ከተማ ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም። በመሃላቸው የተዘረጋው ተዳፋት ቀይ ዐለትና እንደ ዱቄት የላመ አፈር ነው። በረሃ ነው፤ ግን ከፍታ ላይ የተሰቀለ በረሃ። ማለዳ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ እኩለ ቀን ላይ አናት ይበሳል፣ አየሩ ሳስቶ ትንሽ የሮጠን ሰው የጎረቤቱን ትንፋሽ ያስመኘዋል። የተራራ ብስክሌት መወዳደሪያ መንገድ ይሠራ የተባለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

የብስክሌት ማኅበሩ ኮሚቴ «ሥራውን ማን ይምራ?» ሲል ሁለት ሰው ተነሣ። አንዱ የላይኛው መንደር ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ካልነካ እጁን የሚበላው ሰው። ሌላዋ ታች ከተማ ብስክሌት የምታከራይና የምትጠግን፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ሴትዮ ናት። እሱ መንገዱ በዐለቱ ጠርዝ ይሂድ አለ። እሷ በአሸዋው በኩል ይሂድ አለች። ተሰዳደቡ ማለት ነውር ነው፤ ተመሰጋገኑ ማለት ደግሞ ውሸት ነው።

ኮሚቴው እንደ ኮሚቴ ወግ ለሁለቱም ግማሽ ግማሹን ሰጠና ወደየቤቱ ሄደ። ግንበኛው ከላይ እየቆፈረ ይወርዳል፤ ሴትዮዋ ከታች እያስቆፈረች ትወጣለች፤ ተዳፋቱ አጋማሽ ላይ ፎቅ የሚያህል ዐለት አለና እዚያ ይገናኛሉ። ዐለቱ ትከሻ ላይ ይሁን እግሩ ሥር የጠየቀ የለም። ለመጠየቅ መነጋገር ያስፈልጋል።

ግንበኛው አንዲት ልጅ ብቻ አለችው። ቁልቁለትን በዐይኗ ስለምትለካ አገሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ይላታል። ዘንድሮ የአባቷ ጉልበት ስለደከመ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ችካል እየተከለች መስመሩን የምትቀይሰው እሷ ሆነች። ሌላው ከኋላዋ ችካል እየተከተለ ይቆፍራል። ይህ ለሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ለእሷ ግን መሬቱ ላይ የተጻፈ ስሟ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ መታጠፊያ አሳምራ ጨርሳ ቀና ስትል፣ አንድ ብስክሌት ያልደረቀ ሥራዋን ይዞ ሲወርድ አየች።

«ቁም!»

ቆመ። የቆመው ግን የኋላ ጎማውን ቆልፎ ነው፤ አፈሩን እንደ ቢላ ሰነጠቀው።

«ቁም አልሽኝ፣ ቆምኩ» አላት አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ።

«መንገዴን አርሰህ ቁም አልኩህ? እዚህ አገር ዝናብ የዓመቱን በአንድ ከሰዓት ነው የሚያወርደው። ይችን ቦይ ካገኘ መታጠፊያው አለቀለት!»

ልጁ ቦዩን አየ። መታጠፊያውን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ።

«የሠራው ማነው?»

«ማን ይመስልሃል?»

«የማይቸኩል ሰው።»

መሳደብ ጀምራ ነበር፤ ስድቡ አፏ ውስጥ ቀረ። ዶማውን ወረወረችለት። «እንግዲያው አንተም ሳትቸኩል ድፈነው።»

ልጁ የሴትዮዋ የወንድም ልጅ ነው፤ ያሳደገችው እሷ ናት፣ የታችኛውን መስመር የሚቀይስላትም እሱ ነው። ሱቋ ውስጥ ፍሬን የሚጠግነው እሱ ስለሆነ «ፍሬን» ይሉታል። ራሱ ሲጠቀምበት የታየው ግን ያን ዕለት ብቻ ነው እያሉ ያሙታል። ደፈነና በጫማው ረጋገጠ። ውሃ ልክ በተረከዟ አንዴ ብትነካው አፈሩ ሰመጠ።

«ድገመው። ላዩን አሳምረህ ሥሩን ባዶ ተውከው።»

ደገመው። በማግስቱ ዐይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«ምነው?»

«ትናንት የደፈንኩት ይዞ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

«ይዟል።»

«ሌላ ያልያዘ ቦታ ካለም…»

ያልያዘ ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ፈለጉለት። ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር እሱ ከታች፣ እሷ ከላይ ወደ ዐለቱ ጥላ ይመጣሉ። እሱ የአሸዋውን ጠባይ ይነግራታል፣ እሷ የድንጋዩን።

ከዕለታት አንድ ቀን «እኔ ነገር ማርዘም አልችልበትም» አላት።

«አልችልበትም እያልክ ስታረዝመው ነው የከረምከው።»

«አግቢኝ።»

ውሃ ልክ ከጥፍሯ ሥር ያለውን አፈር በእሾህ ታወጣ ጀመር።

«ሁለቱ መንገድ የተገናኙ ዕለት እመልስልሃለሁ።»

«ዛሬስ ምን አለበት?»

«ዛሬ እሺ ብልህ አባቴ ‹ልጄ ለብስክሌት ብላ ዶማዋን ጣለች› ይላል። ሰው ደግሞ ‹አባቷ ጨረሰላት› ይላል። በእጄ የጀመርኩትን በእጄ ጨርሼ፣ እሱ ላይ ቆሜ ነው የምመልስልህ።»

ፍሬን ኩሩ ነው። ኩሩ ሰው ደግሞ ኩራትን ሲያይ ያውቀዋል። «እጠብቃለሁ» ብሎ ብስክሌቱን አነሣ።

የመገናኛው ቀን ደረሰ። የላይኞቹ ከወዲህ፣ የታችኞቹ ከወዲያ ዐለቱ ጋ ደረሱ። የእሷ መንገድ የዐለቱ ትከሻ ላይ ወጣ፤ የእሱ እግሩ ሥር። በመሃል ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይደርስበት ገደል ቀረ።

ግንበኛው ቁልቁል አየና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «ቁልቁለት ማንበብ ያቃተው ነው ልጄን የሚመኘው?» ለካ ሰምቷል።

ሴትዮዋ ከታች «የእኛስ ልክ ነው!» ብላ መለሰች። «ተራራው ነው ከፍ ያለው።»

«ውጡልን!»

«ውረዱልን!»

ፍሬን አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ በቀስታ፣ «እንግዲህ ትንሽ ብትወርጂ…» አለ።

«ትንሽ ብትወጣስ?»

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ኮሚቴው ወሬውን ሰምቶ መልእክት ላከ፤ መንገዱ ካልገጠመ ውድድሩ በአስፋልት ይሆናል፤ ተዳፋቱም ለነፋስ ይተዋል። ግንበኛው «ወይ ፍንክች!» አለ። ሴትዮዋም ከታች የተባባሉ ይመስል ያንኑ አለች። በዚያው ሰሞን ነፋሱ ተነሣ፤ አሸዋ እያነሣ ፊት ላይ የሚደፋ ነፋስ። ሠራተኛው ሁሉ ቤቱ ገባ።

ውሃ ልክ ምግብ አልበላ አላት። መስመሯ ልክ ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቃትም። ግን እያሰበች ስትሄድ ሌላ ነገር መጣባት። የእሱ በኩል አሸዋ ነው፤ ሽቅብ ልሥራው ቢል ይናድበታል። የእሷ ዐለት ነው፤ በዲጅኖ ተፈልፍሎ ሊወርድ ይችላል። የምትችለው እሷ ከሆነች መውረድ ሽንፈት ሳይሆን ሥራ ነው።

ማለዳ ዲጅኖዋን ይዛ ስትወጣ አባቷ በር ላይ ነበር። ወዴት ነሽ አላላትም።

«ነፋስ ነው» አላት ብቻ። «ፊትሽን ሸፍኚ።»

አሸዋው ከክንዷ ወዲያ ባያሳያትም፣ የነፋሱ ጩኸት ሌላ ድምፅ ባያሰማትም፣ ነፋሱ እስኪቆም በየቀኑ ወጣች። ከዐለቱ ወዲህ ካለው መስመሯ ገንጥላ፣ ድንጋዩን እየፈለፈለች፣ ወደ ዐለቱ እግር ወረደች። ጨዋ ቆፋሪ የተወውን መንገድ ክፍት አይተውምና የቀድሞውን ጫፏን በድንጋይ ደርድራ ዘጋችው። ሲዘጋ ዐይኗ እርጥብ ነበር፤ ነፋሱ ነው እንበል።

ነፋሱ ቀጥ ባለበት ረፋድ የመጨረሻውን አፈር ጠርጋ ዐለቱን ዞረች። የእሱ መንገድ ጫፍ ዝግ ነው። በድንጋይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በእሾህ ታጥሮ።

ዲጅኖው ከእጇ ወደቀ። ዘግቶታል። መንገዱን ትቶታል፤ እሷንም። ኩራቷ እስከ ዛሬ ከብዷት አያውቅም፤ አሁን ግን ቁጭ አደረጋት።

«ዘጋሽው?» አለ አንድ የተሰበረ ድምፅ ከአናቷ በላይ።

ቀና አለች። ፍሬን ዐለቱ ትከሻ ላይ፣ እሷ በደረደረችው ድንጋይ ፊት፣ አካፋውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ቆሟል። ቅንድቡ ሳይቀር አሸዋ ለብሷል።

«አንተ አይደለህ የዘጋኸው?»

«እኔማ ወደ አንቺ ልወጣ ብዬ ነው። አንቺ በኩል ዐለት ነው፣ እጅሽ ያልቃል፤ የእኔ አፈር ነው፣ በድንጋይ ብደግፈው ይወጣል ብዬ።»

«እኔም ወደ አንተ ልወርድ ብዬ።»

እሱ የእሷን የድንጋይ ድርድር አየ፤ እሷ የእሱን። ነፋሱ እንኳ ለማዳመጥ የቆመ መሰለ።

«ታዲያ አሁን የት ነሽ?»

«አንተ ጋ። አንተስ?»

«አንቺ ጋ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሳቋ ከዐለቱ እየተላተመ ወደ ላይ ወጣ፤ የእሱ ወደ ታች ወረደ፤ ከመንገዶቹ በፊት የተገናኘው ሳቃቸው ነው። ሊዘል ሲል ግን እጇን አነሣች።

«እንዳትወርድ! የእኔን ድንጋይ አንሣ፤ እኔ ያንተን አነሣለሁ።»

አንሥተው ሲጨርሱ መንገዱ ዐለቱ ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክንድ በትከሻው፣ አንዱ በእግሩ ሥር ዞሮ ከወዲያ መልሶ ገጠመ። ማንም ኮሚቴ ሊያስበው የማይችለው ነገር ነበር።

«አሳምረሽ ደርድረሽው ነበር እኮ» አላት ከላይ። «ለማፍረስ አሳዘነኝ።»

«ያንተም አይከፋም።»

ትዕግሥቱ አልቆ ዐለቱን በመቀመጫው ተንሸራቶ ወረደ።

«ሁለት መንገድ ሠርተን በመቀመጫህ ትወርዳለህ?»

«መንገዱ ሲገናኝ ብለሽ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ተገናኘ።»

«አንድ ጊዜ ቢገናኝ እሺ እልህ ነበር።»

ፊቱ ላይ ያለው አሸዋ ሁሉ የረገፈ መሰለ። «አሁንስ?»

ውሃ ልክ የቀየሰችው መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጇ ቆስሏል፣ አንገቷ ግን ቀና ብሏል። «አሁንማ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ታገባኛለህ?»

ነገር ማርዘም የማይችልበት ልጅ ማሳጠርም አቃተው። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ያላየችው መስሎት ደግሞ ነቀነቀ።

የውድድሩ ዕለት ብስክሌቶች ከላይ እንደ ጠጠር ተለቀቁ። አቧራው ከሩቅ ይታያል። ግንበኛው ዐለቱ አጠገብ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋም ጃንጥላ ዘርግታ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጫፍ ወዲያ ቦታ ስለሌለ እንጂ ትርቅ ነበር። ውሃ ልክና ፍሬን ከበላያቸው ቆመው የተናደ ካለ ይጠብቃሉ።

ቀድሞ የደረሰው ብስክሌተኛ ክፍፍሉን ሲያይ ግራ ገባው።

«አባባ፣ ዋናው የቱ ነው?»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ግንበኛው ቀደማት።

«ሁለቱም ዋና ነው። የላዩን የቀየሰችው ሴቷ ልጄ ናት።»

«የታቹንስ?»

ግንበኛው ባርኔጣውን አስተካከለ። ወደ ሴትዮዋ አላየም፤ ከበላዩ ወደ ቆሙትም አላየም። ድምፁን ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ለቀቀው።

«የታቹን ወንዱ ልጄ።»

ብስክሌተኛው በታችኛው ተፈተለከ። ውሃ ልክ ከላይ ሆና የፍሬንን እጅ አጥብቃ ያዘች፤ እሱ ደግሞ የሆነ ነገር ዐይኔ ውስጥ ገባብኝ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሴትዮዋ የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ቆይታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ጃንጥላውን ወደ ግንበኛው በኩል አዘነበለችው።

«ጠጋ በላ፣ ሰውዬ» አለችው። «ፀሐዩ አናትህን ሊበሳው ነው።»

ግንበኛው ጠጋ አለ።