ያልተተረጎመው ምክር

ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሞልቶት ተወለደ፤ ክብደቱ ግን የሰባት ወር ፅንስ ያህል ነበር፤ አልተነፈሰምም። አባቱ መስፍን ባሕር ማዶ ከሚኖሩበት ከኦሮራ ከተማ ሆስፒታል ኮሪደር ፖሊስ ጠርቶ፣ አማቱ እማማ ብዙዬ ከአዲስ አበባ ባመጡት ዱቄት ሚስቱን ጽጌን መርዘዋታል ሲል ከሰሳቸው።

የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርሳት የአውራጃው የሞት መርማሪ እንቁ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄደች። አሮጊቷ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። ልጅ ገዳይ ተብለው ሊባረሩ ነው፤ ልጃቸው ጽጌም ፊቷን አዙራባቸዋለች።

እንቁ መጀመሪያ ጽጌን ብቻዋን አነጋገረቻት። የነፍሰ ጡር ጣት ያብጣል፤ የጽጌ ቀለበት ግን እጇን ባነቃነቀች ቁጥር ሊወልቅ ይደርሳል። ስለ እርግዝና ክትትሏ ስትጠየቅ ዶክተሯ ሁሌ ደስተኛ እንደነበረች ተናገረች። እንግሊዝኛ ስለማትችል የምታስተረጉምላት የመስፍን እህት ቀጸላ ነበረች።

ቀጸላ ወጥ ቤት ነበረች። ልጆቿን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ዛሬም ድስት ልታነሳ ስታጎነብስ ሆዷን በእጇ ትደግፋለች። እንቁ ወደ መኪናዋ ወጥታ ጽጌ ክትትል ወደምታደርግበት ክሊኒክ ደወለች፤ ተመልሳም ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ዱቄቱ አብሽ ነው፤ መርዝም አልተገኘም» አለች። «መስፍን፣ አማትህ መቼ መጡ?»

«ባለፈው ወር መጨረሻ።»

«ልጁ ማደግ ያቆመው ከዚያ በፊት ነው። ሐኪሞቹ ሌላ ምክንያት ፈልገው አጡ። እናት በደንብ ካልበላች ለልጁ የምታቀብለው ያጥራታል። ፍሪጃችሁ ግን ሙሉ ነው። ወደ ታክሲህ ስትወጣ ምሳህን ማን ይቋጥርልሃል?»

መስፍን የተወጠሩትን የሸሚዙን ቁልፎች ነካ አደረገ። «እሷ። እጥፍ እያደረገች። ‹እኔ በልቻለሁ› ትለኛለች።»

ጽጌ ቀና አለች። «ልጁ ከገዘፈ እንደ ቀጸላ ሆዴን ይቀዱኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ዶክተሯም ትንሽ መሆኑ ጥሩ ነው ብላለች።»

«አላለችም» አለች እንቁ። «በየቀጠሮው ልጁ እየቀጨጨ ነው፣ ምግብ ጨምሪ ብላለች። የስልክ አስተርጓሚ ላምጣ ስትል ‹እኔ አለሁ› ያለቻት ሴት ነበረች።»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀጸላ ዞረ።

«ብነግራት ትበላለች፤ ልጁም ይገዝፋል» አለች ቀጸላ። «እኔ ያየሁትን እንዳታይ ብዬ ነው። እኛ ሴቶች እኮ ሁሌም እንዲሁ ነው የምንመካከረው።»

መስፍን ከእማማ ብዙዬ እግር ሥር ተንበረከከ። እሳቸው ግን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«አሁን አስተርጉሚልኝ» አለች ጽጌ ቀጸላን። «ዶክተሯ ምን ነበር ያለችው?»

ቀጸላ ወደ ጽጌ ዞረች። «ብዪ ነው ያለችሽ» አለች። «ልጅሽ አላደገም፤ እባክሽ ብዪ።»

ጽጌ ተነሥታ እናቷ ጭን ላይ ወደቀች።