የእሷ ብልቃጦች

መጀመሪያ የተገናኙት የቤተ ሙከራው በር ላይ ነው። እሱ የታጠቡ ብልቃጦች ተሸክሞ ሲወጣ፣ አዲሷ ኬሚስት እየሮጠች ስትገባ ተላተሙ። አንዱ ብልቃጥ ወድቆ ተሰበረ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችው፣ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን እየለቀመች።

እዚያ ቤት ለእሱ ጎንበስ ያለ ሰው የለም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ዕቃ አጣቢ ነው። የቤተ ሙከራው ሰዎች ፎቶ ሲነሱ «አንተ ካሜራውን ያዝልን» ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳም። ልቡ በሩ ላይ ቀረ። «ወንድሜ» ማለቷ ግን እህል ውስጥ እንዳለ ጠጠር ጥርሱን ነካው።

የምትሠራው አሮጌ የተባይ መርዝ በማርከስ ላይ ነበር። ፓላዲየም የሚባል ብረት ጨምራ ሃይድሮጂን ስትነፋበት፣ ብረቱ መርዙ ውስጥ ያለውን ክሎሪን ያላቅቃል። ክሎሪኑ መላቀቁ የሚታወቀው፣ የብር ጨው ጠብ ሲደረግበት ውሃው እንደ ወተት ሲነጣ ነው። ችግሩ፣ ብረት ያልገባበት ብልቃጥም ይነጣል! ታዲያ ሥራው የብረቱ ነው ብላ ማንን ታሳምን? ብትደጋግመው ያው ነው። አለቃዋም በዚህ ሳምንት ካልተሳካ ጠረጴዛውን ለሌላ እሰጣለሁ አላት።

ብስጭቱ ሰላምታዋን ሳይቀር በላው። እሱም «ያው እንደነሱ ናት» ብሎ ቂሙ ላይ ደመራት። ብልቃጦቿን ግን ከበፊቱ አስበልጦ ያጥብ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ብረት ያልገባበት እንደገና ነጣ። ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። ቆይታ አንድ ባዶ ብልቃጥ አነሳችና አሸተተችው፤ እሱንም ጠራችው።

«በምንድነው ያጠብከው?»

«በበረኪና።»

«በረኪና እኮ ክሎሪን ነው! ማን አዘዘህ?»

«እንዲያብረቀርቅልሽ ብዬ ነው...» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ብልቃጡን አስቀመጠች። «የሌሎቹ ሥራ ለምን አልተበላሸም?»

«የሌሎቹን በሳሙና ነው የማጥበው።»

«የእኔን ብቻ ነው?»

«የአንቺን ብቻ።»

ሊያባርሩኝ ነው ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ገንዳው ጋ አጠገቡ ቆመች። በሳሙና አጠቡ፣ በተጣራ ውሃ አለቀለቁ። ሙከራው ሲደገም ብረት የገባበት ነጣ፤ ያልገባበት ጥርት ብሎ ቀረ። እንባዋ መጣ።

«እንዳንተ ያቃጠለኝ ሰው የለም» አለችው። «ከእንግዲህ የእኔንም እንደሌሎቹ እጠብ።»

ፊቱ ጠቆረ። ያው እንደሌሎቹ...

«ብልቃጡን ነው ያልኩህ» አለች፣ በእርጥብ እጇ እጁን ይዛ። «አንተማ ለእኔ እንደሌሎቹ አይደለህም።»

በሰው ንግግር ሁሉ ንቀት ፈልጎ የማያጣ ሰው፣ በዚህኛው ውስጥ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። እጁንም እንደተያዘ ተወላት።