ውሻይቱ የዞረችው ባዶ ቦታ

ብሌዲን ፕሮሰር የሞተው በገዛ ድርቆሽ ቤቱ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ኔስታ ፓሪ ስትደርስ ከቆጡ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሽበቱ ላይ ድርቆሽ ተበትኖ አገኘችው። አንድ እጁ ከእንጨቱ አግዳሚ ወንበር እግር አጠገብ ወድቋል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ኮንስታብል ሂው። «ማታ ድርቆሽ ሊያወርድ አግዳሚው ላይ ወጣ፤ አዳለጠው። የማጅራቱን ቁስል አይተውታል።»

ኔስታ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መሰላል አየች። «መሰላል እያለው?»

«ሰው ይሰንፋል፣ ኢንስፔክተር።»

«ብሌዲን?»

በራይድወን መንደር ብሌዲንን ሰነፍ የሚል አልነበረም። ከወረዳው ፈቃድ አውጥቶ የበግ ጠባቂ ውሾች ያራባ ነበር። ቡችላ ፈላጊ ሲመጣ መጀመሪያ እናቲቱን ያሳየዋል፤ ቀጥሎ ጥያቄውን ያዘንበዋል። ቀን ቀን ከውሻው ጋር የሚውለው ማነው? አጥር አለህ ወይ? ለገና ስጦታ ብሎ የመጣውን ሁሉ ሻይ አጠጥቶ ባዶ እጁን ይሸኘው ነበር።

በሩ ገርበብ አለና ጥቁርና ነጭ ውሻ ገባች፤ ግዌን ናት፣ የቡችሎቹ እናት። ቀጥ ብላ ወደ ጌታዋ ትሄዳለች ሲባል በሩ አጠገብ ምንም በሌለበት ቦታ ወደ ግራ ታጥፋ ሰፊ ዙር ዞረች። ከዚያ ተስተካክላ ስትመጣ ግንባሯ ከአግዳሚው ጋር ተላተመ።

«ምስኪን» አለ ሂው። «ሐዘን ግራ አጋብቷታል።»

የኔስታ ፊት ጋለ። ከሁለት ዓመት በፊት ከግዌን ቡችሎች አንዱን የወሰደችው እሷ ነበረች። ባለፈው ክረምት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ቦታ ስትቀይር ውሻው ቀኑን ሙሉ ሲጋጭ ዋለ። ደደብ ብላ ሰደበችው፤ በነጠላ ጫማም መታችው። ለምን ይጋጫል ብላ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀችም።

ውሻይቱን ወደ ውጭ አስወጥታ እንደገና አስገባቻት። ግዌን ያንኑ ባዶ ቦታ ዞረች። ኔስታ ተንበርክካ እዚያ የተነሰነሰውን ገለባ ገለጠች። አፈሩ ውስጥ የአግዳሚ እግር ያህል ስፋት ያላቸው አራት ጎድጓዶች ነበሩ፤ አጠገባቸው አፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ታሽቷል። ገለባውን መልሳ አለበሰችው።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው ሂውን።

*

የብሌዲን ሚስት ማይር ወጥ ቤት ውስጥ እሳቱ ዳር ተቀምጣለች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ድርቆሽ ቤቱን ረግጣው አታውቅም።

«እማማ ማይር፣ ትናንት እንዴት ነበር?»

«እንዴት ይሆናል፣ ልጄ! ቀን ኤምሪስ መጥቶ የግዌንን ዓይን በመብራት አየና ታውራለች አለው፤ በዘር የመጣ ነው አለው። ብሌዲን ራት አልበላም። ‹ቅዳሜ በማኅበሩ ስብሰባ ተነስቼ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ከእኔ የወሰደውን ሰው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ› አለ። ከዚያ ወደ ውሾቹ ወጣ።»

«ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ ነበር?»

ማይር ከቀሚሷ ላይ የሌለ ፍርፋሪ አራገፈች። «ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር። እኔ ምን እሰማለሁ?»

የእንስሳት ሐኪሙ ኤምሪስ አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው፤ ጠዋት ለግዌን የዓይን ጠብታ ይዞ ሲመጣ። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲጋራውን ሳይለኩስ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ሕመሙ ምን ዓይነት ነው፣ ዶክተር?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ውሻው የለመደውን ቤት በልቡ ስለሚያውቅ ባለቤቱ አይነቃም። ዕቃ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚወጣው።»

«ከእናት ብቻ ይወረሳል?»

«አይ። ቡችላው እንዲታወር ከሁለቱም ወገን መምጣት አለበት።»

«የግዌን ቡችሎች አባት ማነው?»

«ታራን፤ የወይዘሮ ዲሊስ ውሻ።»

«የታራንን ዓይን መርምረህ ንጹሕ ነው ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ?»

ኤምሪስ ሲጋራውን ሰበረው። «ፈርሜያለሁ።»

«ጥያቄዬ መርምረሃል ወይ ነው።»

ጆሮው ድረስ ቀልቶ ዝናቡን ያያል።

ሦስተኛ የጠየቀችው እረኛውን ጌቲንን ነው። መንደሩ ጣቱን የቀሰረው በእሱ ላይ ነበር፤ ከግዌን የተወለደው ውሻው ታውሮ ትራክተር ሥር ገብቶበታል፤ እሱም በገበያ መሐል ብሌዲንን «አንገትህን ነው የምሰብረው!» ብሎታል።

«ብያለሁ፤ አልክድም» አለ፣ አዲስ የተወለደ ግልገል እያደረቀ። «ብሌዲን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ልክ ነህ› አለኝ። በሰው ፊት። እኔ ስጮህ እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«ትናንት ማታ ድርቆሽ ቤቱ ገብተህ አግዳሚው ላይ አልተቀመጥክም?»

«የምን አግዳሚ? ቡችላውን ስወስድ ያስተናገደኝ ወጥ ቤት ነው። እናቲቱንም ያየኋት እዚያው ነው።»

ወይዘሮ ዲሊስ ጥቁር ለብሳ ጠበቀቻት፤ የዘቢብ ዳቦ ቆርሳ ሻይ ቀዳችላት። የአርቢዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናት። በየመንደሩ አዳራሽ እየዞረች ቡችላ እንዴት እንደሚመረጥ የምታስተምረው እሷ ናት፦ ፈቃዱን ጠይቁ፣ እናቲቱን እዩ፣ የወላጆቹን ምርመራ ሳታረጋግጡ እንዳትወስዱ። ኔስታም ብሌዲን ዘንድ የሄደችው በእሷ ምክር ነበር።

«ምን ዓይነት ሰው አጣን፣ የኔ ልጅ!» አለች ዲሊስ ዓይኗን እየጠረገች። «ያ ከቆጡ ሥር ያለው አግዳሚ! ስንት ዓመት ለፈለፍኩ፤ እላዩ ላይ አትንጠልጠል፣ አንድ ቀን አንገትህን ትሰብራለህ እያልኩ። መች ሰምቶኝ!»

«እዚያ ከሄዱ ቆዩ እንዴ?»

«ከመከር ወዲህ አልረገጥኩትም።»

ኔስታ ሻይዋን ጠጣች። ዳቦውን ግን ሳትነካው ተነሳች።

*

በማግስቱ ሁሉንም ድርቆሽ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማይርን ሂውና ጌቲን ደግፈው አምጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ኤምሪስ ግድግዳውን ተደገፈ። ዲሊስ ጃንጥላዋን እንደያዘች ቆመች።

«እንዲህ ሰብስቦ ማቆም ለምን አስፈለገ?» አለች። «ማይር ታማለች።»

«አንድ ነገር እንድታዩ ነው» አለች ኔስታ። «ሂው፣ ልቀቃት።»

ግዌን ገባች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ታጠፈች፣ ባዶውን ቦታ ዞረች፣ ተስተካከለች፤ ከቆጡ ሥር ካለው አግዳሚ ጋርም ተላተመች። ማይር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የሚያይ ውሻ ባዶ ቦታ አይዞርም» አለች ኔስታ። «ግዌን የምትሄደው በትዝታዋ ነው። በእሷ ትዝታ አግዳሚው በሩ አጠገብ ነው ያለው።» ገለባውን በእግሯ ገፋችው። አራቱ ጎድጓዶች ታዩ። «አፈሩም ይመሰክርላታል። ይህ አግዳሚ ለዓመታት እዚህ ነበር። ብሌዲን ከቆጥ አልወደቀም፤ ማጅራቱ የተመታው እዚህ፣ በአግዳሚው ጠርዝ ነው። ደሙን አሽቶ፣ እሱንም አግዳሚውንም ወደ ቆጡ ሥር የጎተተ ሰው አለ።»

«እኔ አይደለሁም» አለ ጌቲን ድምፁ እየሻከረ።

«አይደለህም። አንተ አግዳሚ መኖሩንም አታውቅም ነበር። ዶክተር ኤምሪስ ደግሞ የግዌንን መታወር ያውቃል፤ ዕቃ ሲነሳ ጉዱ ይወጣል ያለኝ ራሱ ነው። እሱ ቢሆን አግዳሚውን አይነካም ነበር። እማማ ማይር እንኳን አግዳሚ ራሳቸውንም አይጎትቱ።»

ኔስታ ወደ ዲሊስ ዞረች።

«ወይዘሮ ዲሊስ፣ አግዳሚው ከቆጡ ሥር ስንት ዓመት እንደኖረ ነገሩኝ። ያኔ ግን እዚያ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። ከመከር ወዲህ ካልመጡ ያንን ከየት አመጡት?»

«ኤምሪስ ነግሮኝ ይሆናላ።»

«አግዳሚ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አለ ኤምሪስ። ከግድግዳው ተላቀቀ። «ይልቅ መናገር ያለብኝን ልናገር። የታራንን ዓይን አላየሁም። ወይዘሮ ዲሊስ ‹ውሻዬን ታውቀዋለህ፣ ደህና ነው፣ ፈርምልኝ› አለችኝ። ይህን ሥራ ስጀምር ደንበኛ ያመጣችልኝ እሷ ናት። አፈርኩና ፈረምኩ። ብሌዲን ያቺን ፊርማዬን ነው ያመነው።»

«ስለዚህ ብሌዲን ቅዳሜ ሲነሳ የታራን ስምም ይነሳል» አለች ኔስታ። «ሕመሙ ያለ አባት አይመጣምና።»

ዲሊስ ቀና ብላ ማይርን አየቻት፤ የምትከላከልላት ከተገኘች እሷ ናት በሚል ዓይነት። ማይር ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«መኪናሽን ሰምቻለሁ፣ ዲሊስ» አለች ማይር። «ያ የጭስ ማውጫሽ ከኮረብታው ጀምሮ ይጮሃል። ለዚች ልጅ አልሰማሁም አልኳት። እህቴ ስትሞት እጇን ይዘሽ ያደርሽው አንቺ ነሽ፤ እንዴት ብዬ ስምሽን ልጥራ? ባሌ ተጋድሞ እኔ ለጓደኛዬ አፈርኩ።»

ጃንጥላው ከዲሊስ እጅ ወደቀ።

«ልለምነው ነው የመጣሁት» አለች። «ዝም ብለን ታራንንም ግዌንንም ማራባት እናቁም፣ ማንም አያውቅም አልኩት። ‹ጌቲን ያውቃል፤ ውሻው ያውቅ ነበር› አለኝ። ተነስቶ ሊወጣ ሲል ገፋሁት። ልጥለው አልፈለግኩም። ዝም እንዲል ብቻ ነበር።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ወዲያው አልሞተም ብሏል» አለች ኔስታ። ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነው ያደረችው። «ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ስልክስ?»

«እጄ ላይ ነበር።» ዲሊስ መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ብደውል ለምን ተጣላችሁ ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ስንት አዳራሽ ቆሜ ያስተማርኩ ሴት፣ የራሷን ውሻ አላስመረመረችም ልበል? ትንሽ ልቆይና እደውላለሁ አልኩ። አፈሩን አሸሁ። ስጨርስ መተንፈሱን አቁሞ ነበር።»

ጌቲን ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኔስታ ክሱን ለመናገር ወደ ዲሊስ ቀረበች። በሥራዋ ብዙ ገዳይ ይዛለች። ከአንዳቸው ጋር በአንድ ነገር እመሳሰላለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር፤ እሷም ውሻዋ ለምን እንደሚጋጭ ላለማወቅ ፊቷን አዙራለች። ክሱን ተናገረች፤ ሂው ዲሊስን ክንዷን ያዛት።

በሩ ላይ ስትደርስ ዲሊስ ዞረች። «ማይር፣ ቅዳሜ ሰዎቹ ይሰበሰባሉ። ምን ልትያቸው ነው?»

ማይር የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ተነሳች። ኤምሪስ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ እምቢ አለችው።

«ያንቺን ፖሊስ ይናገራል» አለች። «እኔ የምነግራቸው የእኛን ነው፤ ብሌዲን ሊላቸው የነበረውን። ለእያንዳንዳቸው፣ በር በራቸው ሄጄ።»

«በዚህ እግርሽ?» አለች ዲሊስ።

«በዚህ እግሬ።»

ጌቲን ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና «እኔ አደርስዎታለሁ» ብሏት መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ።