ጠርዝ ላይ የሚተኛው ቡችላ

ይህ የሆነ ነገር ነው። አክስቴ ታቢታ ስትነግረኝ አንድም ቃል እንዳልጨምርበት አስምላኛለች። አልጨመርኩም...

ጊዜው ጥር 1970 ዓ.ም. ነው። ቦታው አዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ግቢ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት።

ግን ከስምንት ሰዓቱ በፊት የቡችላው ነገር ይቀድማል።

ታቢታ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቡችላውን ያገኘችው ከባለሱቁ ከሙክታር ነው። ገና ጡት የጣለ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ቡናማ። እናቷ ብዙአየሁ ስም እንዳታወጣለት ከለከለቻት። ስሙን ደረሰ ሲወጣ ያወጣለታል አለች።

ደረሰ የታቢታ ታላቅ ወንድም ነው። በኅዳር ወር ሁለት የታጠቁ ሰዎች ከእራት ላይ አስነስተው ወሰዱት። ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል አሉ። የታሰረበት መጋዘን በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ያየው የለም።

ቡችላው የመጣ ዕለት፣ የት ይደር የሚለው ነገር ጭቅጭቅ አስነሳ።

አባቷ ኩማ አናጺ ነው፤ ነገር አያበዛም። ውሻ የሚያድገው ውጭ ነው አለ። እናቷ በቡሹሎ በኩል የሚመጣው ጅብ አጥር እንደማያግደው አስታወሰችው። ይሄን የሚያህል ነገር ውጭ ማሳደር ለጅቡ ማጉረስ ነው አለችው።

ማድ ቤት አስገቡት። አለቀሰ።

በረንዳ ላይ ካርቶን ውስጥ አደረጉት። ብሶበት አለቀሰ።

ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ የአጥሩ ቆርቆሮ በሰደፍ ተመታ።

«ያንን ነገር ዝም አሰኙት። አለዚያ እኛ እናሰኘዋለን።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ደረሰን የወሰዱት ጊዜም የተመታው ያው ቆርቆሮ ነው...

ታቢታ ቡችላውን በጨርቅ ጠቅልላ ግቢው ጥግ ወዳለችው የደረሰ ክፍል ሮጠች። ወለሉ ላይ ጆንያ አነጠፈችለት።

ወዲያው ዝም አለ።

በዚሁ ተወሰነ። መኝታው እዚያ ሆነ፣ ወለሉ ላይ። አልጋው ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። እናቷ በየቅዳሜው አንሶላውን እያጠበች መልሳ ታነጥፈዋለች። ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ነው። በእጅ ሲነኩት እንኳ ይጮኻል። ቡችላው ዘሎ ሊደርስበት አይችልም።

ይህንን ያዙልኝ... ሊደርስበት አይችልም።

በየቀኑ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ለደረሰ ምሳ የምታደርሰው ታቢታ ናት። ሁለት ምሳ ዕቃ አላቸው። የዛሬውን ለጠባቂው ትሰጣለች፣ የትናንቱን ትቀበላለች። ምሳ ዕቃው ሲገባም ሲወጣም ጠባቂው ወረቀት እንዳይኖርበት ከፍቶ ያየዋል።

የሚመለሰው ምሳ ዕቃ ባዶ አይደለም። ደረሰ ከልጅነቱ ጀምሮ የመጨረሻዋን ጉርሻ ለታናሽ እህቱ ሳይተው ከማዕድ ተነስቶ አያውቅም። እዚያም ሆኖ ይተዋል። አንዲት የተጠቀለለች ጉርሻ፣ ጥጉ ላይ።

ጉርሻዋ ካለች ደረሰ አለ ማለት ነው። ቤተሰቡ ስለ እሱ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ታቢታ ግማሿን ትበላለች። ግማሿን ለቡችላው ትሰጠዋለች። ደረሰን አይቶት አያውቅም። ግን ያቺን ጉርሻ ገና ሲያሸት ጭራው ብቻ አይደለም፣ ወገቡ ሁሉ ይወዛወዛል። እናቷ ይህን ለማየት ሥራዋን ጥላ ትመጣ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ...

ጉርሻዋ አለች። እንደ ወትሮው ጥጉ ላይ።

ቡችላው አሸተታት። ወደ ኋላው አፈገፈገ።

ታቢታ በእጇ አቀረበችለት። የጀርባው ፀጉር ቆመ።

እሷም የራሷን ግማሽ አልበላችም። ለምን እንዳልበላች ለራሷም ቢሆን አልነገረችም።

ረቡዕ እንዲሁ። ሐሙስም እንዲሁ። ሌላ የሰጡትን ሁሉ ይበላል።

ሐሙስ ማታ ለአባቷ ነገረችው። ኩማ መጋዙን እየሞረደ ነበር። እጁ ቆመ።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንዳትነግሪያት። መርዶ በውሻ አይነገርም።»

ከዚያም መሞረዱን ቀጠለ። መጋዙ ግን ተስሎ ካለቀ ቆይቷል...

ሌላም ነገር ነበር። ከዚያው ማክሰኞ ጀምሮ ቡችላው ጠዋት ጠዋት የሚገኘው አልጋው ላይ ነው። ታቢታ፣ እናቷ የምታወጣው መሰላት። እናቷ፣ ታቢታ መሰለቻት።

አተኛኘቱም ትክክል አልነበረም። መሃሉን ትቶ ጠርዙ ላይ፣ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ኩርምት ብሎ ነው የሚተኛው። ታቢታ መሃል ላይ ብታደርገው ተነስቶ ወደ ጠርዙ ይመለሳል።

ልክ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቅ...

አርብ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት።

ታቢታን የቀሰቀሳት የሽቦው ድምፅ ነው። ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ... ከባድ ሰው እየተገላበጠ ነው የሚመስለው። ያ ቡችላ አልጋውን እንደዚያ ሊያስጮኸው አይችልም።

በባዶ እግሯ ግቢውን አቋረጠች። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበር። የደረሰ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

ውስጥ፣ በጨለማው፣ እናቷ ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ...»

«ቀስ። ተኝቷል።»

«ማነው?»

«ቡችላው ነዋ።»

ግን እናቷ ወደ ጠርዙ አይደለም የምታየው። የምታየው መሃሉን ነው።

ታቢታም በበሩ በምትገባው የጨረቃ ብርሃን አየች። በዚያው ጠዋት ተወጥሮ የተስተካከለው አንሶላ መሃሉ ላይ ሰርጎድ ብሏል። ረጅም ነው። ከትራሱ እስከ ግርጌው...

አጠገቧ ቁጭ አለች። የምትለው ሁሉ በአንዴ ከአፏ አፈተለከ።

«እማዬ፣ ምሳውን የሚበላው እሱ አይደለም። ጠባቂው ነው። በየቀኑ ስለሚከፍተው ጉርሻዋን ያውቃታል። ምሳው እንዳይቀርበት ነው የሚተዋት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ...»

«ነገም ትወስጂያለሽ። ሞቷል ያለኝ ሰው የለም። እኔ ምሳውን ካቋረጥኩ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሽቦው ሲጥ አለ። እናቷ እጇን ዘርግታ የብርድ ልብሱን ጫፍ ሳብ አደረገች፣ የተገለጠ ትከሻ እንደሚሸፍን ሰው። ከዚያ እዚያው ተቀመጠች። ታቢታ መቆየት አልቻለችም።

ሲነጋ ተመለሰች። እናቷ ዱካው ላይ እንዳለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ቡችላው ጠርዙ ላይ ነው።

መሃል ላይ ምሳ ዕቃ አለ።

ሮጣ ማድ ቤት ሄደች። አንደኛው ምሳ ዕቃ እዚያው ነው፣ ትናንት አጥባ የደፋችው። ተመልሳ የአልጋውን አየችው። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር በራሷ ጽሕፈት «ደረሰ ኩማ» ይላል።

አርብ ረፋድ በገዛ እጇ ለጠባቂው የሰጠችው ነው።

ከፈተችው። አንዲት ጉርሻ፣ ጥጉ ላይ።

ቡችላው ነቃ። አሸተተ... ወገቡ ሁሉ እየተወዛወዘ ዋጣት።

እናቷ ከእንቅልፏ ስትነቃ የአልጋውን ምሳ ዕቃ አየችው። ማድ ቤት ገብታ ሌላኛውን ምሳ ዕቃ ሞላች።

በአምስት ሰዓት ታቢታ መጋዘኑ በር ላይ ነበረች። ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ከእጇ አልተቀበላትም። መሬት ላይ እንድታስቀምጠው በአገጩ አሳያት። እንደዚያ ለአንድም ቀን አድርጎ አያውቅም።

«የትናንቱስ?» አለችው።

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም አልነበረም።

«ወስዶታል» አለ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«አንቺ ልጅ... ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ሄደች። በጠራራ ፀሐይ ይበርዳት ነበር። የግቢውን በር ስትከፍት ቡችላው እየሮጠ መጣ። ወገቡ ሁሉ ይወዛወዛል። የሚያየው ግን እሷን አይደለም። ከትከሻዋ በላይ ነው።

ከዚያ ዞሮ ወደ ደረሰ ክፍል ቀድሟት ሄደ። ታቢታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

ቡችላው አልጋው ሥር ደርሶ ቀና ብሎ ጠበቀ።

ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሳ... ሆዱ በሁለት እጅ እንደተያዘ፣ አራት እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ።

አልጋው ላይ አረፈ።

ከዚያ ወደ ጠርዙ ጠጋ አለ።