የአንዷለም ሁለተኛ ቁልፍ

«ስልኩን ለአንድ አፍታ ብቻ ነው የምፈልገው፣ እትየ» አለች ሳምሪ ደግማ።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን ስልኩን ከጉያቸው አላወጡም። ያምሮት በእናቷና በእንግዳዋ መካከል ቆማለች። ሳምሪ ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣችው ከቡሬ፣ የያምሮት ወንድም አንዷለም ይሠራበት ከነበረው የገበሬዎች ዩኒየን ነው። አንዷለም ማንኩሳ አጠገብ ሚኒባስ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ የኮምፒውተር ሥራውን የያዘችው እሷ ናት።

በለቅሶው ቀን የአንዷለም ልብስ ድንኳኑ መሀል ወጥቶ ተለቅሶበት ነበር። ስልኩም አብሮ ወጣ። ሙሾ አውራጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ስታሞግሰው ሰው ሁሉ ጮኸ። ልብሱ ኋላ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ስልኩን ግን እናቱ ለማንም አልሰጡም። ከቢሮው የሚላክ ኢሜይል አሁንም ወደዚያ ስልክ ይገባል፣ በገባ ቁጥርም እንደ ቃጭል ይጮኻል። ያኔ እናቷ የያዙትን ሥራ ትተው «ልጀ ሥራ ላይ ነው» ይላሉ። ያምሮት ጎረቤት ሲሰማ ታፍራለች። ቢሆንም እሷም ያን ድምፅ ትጠብቀዋለች፤ ዝም ያለ ቀን ቤቱ ይከብዳታል።

አንዷለም በሕይወት ሳለ አንድ ክረምት ሙሉ የለፋው፣ የዩኒየኑ ሠራተኞች ጅጋም ይሁኑ መርዓዊ፣ ከቢሮ ውጭ ሆነው ኢሜይላቸውን ያለ ስጋት እንዲከፍቱ ነበር። «የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ሌባ ሊገምተው ይችላል» ብሏት ነበር ሲያስረዳት። «ስለዚህ ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አንድ የምስጢር ቁጥር ወደ ስልክሽ ይልካል። እሱ ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ቁጥሩን ለአለቃሽም ቢሆን አትነግሪም።»

«ቆይ፣ ምን ተፈጥሮ ነው?» አለች ያምሮት።

ሳምሪ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በአንዷለም ስም ወደ ማኅበራቱ ኢሜይል እየወጣ ነው። ‹በቆሎውን ለሚመጣው መኪና ጫኑ› ይላል። አንዱ ማኅበር አምኖ ጭኖ ሸኝቷል፤ መኪናው የት እንደገባ አይታወቅም። የሞተ ሰው እንዴት ይጽፋል ያለ የለም፤ መሞቱን ያልሰማ ብዙ ነው። ሌባውን ለማስወጣት የአንዷለምን አካውንት መዝጋት አለብኝ። ለዚያ ደግሞ፣ ሲስተሙ ገና በእሱ ስም ስለሆነ፣ እዚህ ስልክ ላይ የሚመጣው ቁጥር ያስፈልገኛል።»

«ስልኩ እኛ ጋ አይደል እንዴ? ሌባው ቁጥሩን ሳያገኝ በምን ገባ?» አለች ያምሮት።

«የቁጥሩ ነገር ነው?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ ፊታቸው ፈካ ብሎ። «እሱንማ እኔ ነኝ ያነበብሁለት። የሥራ ጓደኛው ደወለልኝ። ‹እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ› ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ኋላ ‹አንድ ቁጥር ይመጣል፣ ያንብቡልኝ› አለኝ። መሠረተ ትምህርት የተማርሁት ለዚች ቀን ነው ብየ አንድም ሳልስት አነበብሁለት። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል? አብረውት የበሉት እንኳ አልደወሉልኝም።»

ሳምሪ ያምሮትን አየቻት። ያምሮት ግን በእናቷ መፍረድ አልቻለችም። ለቅሶ ሊደርስ የደወለን ሰው ማን ይጠረጥራል? እሷም ብታነሳው ታነብለት ነበር።

«እማ፣ የአንዷለም ስም እየጠፋ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰው ዘረፈን እያለው ነው። ስልኩን ስጭኝ።»

ይህን ሲሰሙ እናቷ ሳያንገራግሩ አውጥተው ሰጧት።

ሳምሪ ላፕቶፗን ከፈተች። ወዲያው ቁጥሩ ስልኩ ላይ መጣ።

«ይሄን ካስገባሽው በኋላ ኢሜይል ይገባል?» አለች ያምሮት።

«አይገባም። ካልፈጠንን ደግሞ ቁጥሩ ጊዜው ያልፍበታል።»

ያምሮት ወደ እናቷ ዞር ብላ ማየት አልደፈረችም። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበች። የአንዷለም ስም ከስልኩ መስኮት ላይ ጠፋ።

ሳምሪ ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ «የደወለላቸውን ሰውየ ነገር እኔ ልንገራቸው?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ተይው።»

እናቷ ስልኩን ተቀብለው መልሰው ጉያቸው ከተቱት። «ያ ጓደኛው ደግሞ ይደውል ይሆናል። ቻርጅ ሳታደርጊው እንዳትተኝ» አሉ።

ያምሮት ለነገው የፊዚክስ ፈተና ደብተሯን ገለጠች፤ ግን አንድም መስመር አልገባት አለ። ዝም ብትል ለእናቷ ስለ ልጃቸው አብሯቸው ያለቀሰ አንድ ሰው ይቀርላቸዋል። ያን ሰው ከእናቷ መንጠቅ እንደ ሁለተኛ መርዶ ሆነባት። ነገር ግን ሰውየው ነገ ሌላ ነገር ፈልጎ ቢደውል፣ እናቷ አምነው የጠየቃቸውን ሁሉ ይነግሩታል። ደብተሩን አጠፈችና መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማ፣ ያ የደወለው ሰውዬ የአንዷለም ጓደኛ አይደለም።»

«አልቅሷል እኮ! በጆሮየ ሰምቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ሌባው እሱ ነው። ስልኩም ከእንግዲህ አይጮኽም፣ እማ። ቁጥሩን አንብቤ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ስልኩን አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ያምሮት ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ቀስ ብለው «እንግዲያ ልጀ ሞቷል» አሉ።

«አዎ፣ እማ» አለች ያምሮት።