ናጅዋ ለምን እኔን መረጠች

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ይህ ታሪክ ሰው የነገረኝ አይደለም። ወላሂ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ደግሞ ላይክ ፍለጋ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ። ባይደርስብኝ እኔም እንደዛው ነበር የምለው።

ጊዜው የካቲት 2016 ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ቦታው መርሳ... ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከማንጎው ማሳ ጀርባ ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤት።

ማታ አልነበረም። አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። ለዚህ ነው ሌላው ሰው ጨለማ ሲፈራ እኔ ቀን የምፈራው።

ስሜ ሉብና ነው። ያኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። አባቴ ሲሪንቃ ሥራ አግኝቶ ከወልድያ ወደ መርሳ ከገባን ገና ሁለት ወራችን ነበር።

ጓደኛ አልነበረኝም። አንድም።

ግራኝ ነኝ። የምጽፈውም የምበላውም በግራዬ ነው። ክፍል ውስጥ ስጽፍ እያዩ ይስቁብኛል። ቤት ደግሞ እናቴ «በቀኝሽ ብዪ አላልኩሽም?» እያለች እጄን ቸብ ታደርገኛለች። የእረፍት ደወል ሲደወል ከአጥሩ ስር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ዳቦዬን እገምጣለሁ።

አንድ ሰኞ ናጅዋ መጣች።

ግራና ከምትባል ከተማ የተዛወረች ልጅ ናት ተባልን። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምታወራ። ክፍሉ ውስጥ ባዶ ቦታ ሞልቷል። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየችን። ፊታችንን አይደለም... እጃችንን።

ከዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ግራኝ ነሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«ከተፈጥሮሽ ነው? ወይስ ቀኝሽ ታሞ?»

«ከተፈጥሮዬ።»

«ለእናትሽ የመጀመሪያ ነሽ?»

«አዎ።»

«የተወለድሽበትን ቀን ታውቂዋለሽ?»

«ጁምዓ ነው።»

ግራ እጄን አየችው። ከዛ ፊቷ ሁሉ በራ።

«አንቺን ስፈልግ ነበር» አለችኝ።

እኔ ሞኟ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። መርሳ ከገባሁ ጀምሮ ስለ እኔ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ።

ሦስት ሳምንት ከጎኔ አልተለየችም። ማንጎ ለሁለት እንበላለን። ሒሳብ ታስረዳኛለች። አንዱ ልጅ «ግራኝ» ብሎ ደብተሬን ሲነጥቀኝ እጁን ነክሳ አስጣለችው። ማታ ማታ ሶላት ላይ ለእናቴና ለአባቴ ዱዓ ሳደርግ የናጅዋንም ስም እጨምር ነበር።

ትንንሽ ነገሮች ነበሩ... አሁን ሳስባቸው።

አንድ ቀን ፀጉሬን ሠርታኝ ስትጨርስ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«ምን ይሠራልሻል?» አልኳት።

«መሬት ከወደቀ ራስሽን ያምሻል።»

ይሄንን እናቴም ትላለች። አመንኳት።

ሌላ ቀን ነጭ ክር አመጣች። ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለካችኝ። ቁመቴ ያለቀበት ላይ ስትደርስ ቋጠረችው።

«እናቴ ልብስ ልታዘጋጅልሽ ነው» አለችኝ።

«ወገቤንስ አትለኪም?»

«ወገብ አያስፈልግም።»

የዛን ሐሙስ መምህራኑ ስብሰባ ነበራቸውና በግማሽ ቀን ተለቀቅን። ናጅዋ በር ላይ እጄን ያዘች። እጇ በላብ ርሷል።

«ዛሬ እኛ ቤት እንሂድ። ምሳ ተሠርቶልሻል።»

«ለእናቴ ነግሬያት ልምጣ።»

«አትንገሪያት... ትከለክልሻለች። ከከለከለችሽ ደግሞ እኔና አንቺ አበቃን።»

ይቺ ቃል ናት የጨረሰችኝ። ዳግመኛ ብቻዬን ከአጥሩ ስር ልቀመጥ? ከእናቴ ደብቄ ሄድኩ።

የመስኖውን ቦይ ተሻግረን በማንጎው መሃል አለፍን። ግቢያቸው ስንደርስ አጥሩ ስር የዶሮ ላባ ተከምሯል። ቀይ... ነጭ... ገብስማ... ስንት ዶሮ ያለቀበት ግቢ ነው አልኩ በልቤ።

«ዶሮ ትወዳላችሁ ማለት ነው» አልኳት።

«አንዷንም ቀምሰን አናውቅም» አለች። እውነቷን ይመስላል።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኔን አላየችም፤ እግሬን ነው የምታየው።

«ማን አመጣሽ?»

«ናጅዋ ናት እትዬ።»

«ጎትታሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ ወድጄ ነው የመጣሁት።»

«ድገሚው።»

«ወድጄ ነው።»

«አንዴ ጨምሪልኝ።»

ሳቄ መጣ። ናጅዋን ዞር ብዬ አየኋት። እሷ አልሳቀችም።

«ወድጄ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ሴትዮዋ ትንፋሿን ለቀቀች። «አላህ ይቅር ይበለን» አለችና አሳለፈችኝ።

ጫማዬን አስወለቀችኝ። ከዛ ጎንበስ ብላ እግሬን አጠበችኝ። እናቴን የምታክል ሴት እግሬን ስታጥበኝ አፈርኩ። «ተይው እትዬ» ብላትም አልሰማችኝም። በጣቶቼ መሃል ሁሉ አጠበችው።

ምሳው ሩዝ በስጋ ነው። አንድ ሳህን ብቻ።

«እናንተስ?»

«ሐሙስ አይደል? እንጾማለን» አለች እናቷ። «ቢስሚላህ በዪ።»

በቀኜ ልጀምር ስል እጄን ቀስ ብላ መለሰችው።

«በግራሽ የኔ ልጅ። እንደለመድሽው በግራሽ ብዪ።»

እንባዬ ሊመጣ ነበር። በሕይወቴ እንደዛ ያለኝ ሰው የለም። እዚህ ቤት ብወለድ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ... አዎ፣ ይሄንን ተመኝቻለሁ።

እናትና ልጅ ትይዩዬ ተቀምጠው አንድ በአንድ ስጎርስ ያዩኛል።

ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ድምፅ አለ። ሲር... ሲር... ትንፋሽ ነው። ወንፊት ላይ እንደሚንከባለል አሸዋ።

«እህቴ ዙልፋ ናት» አለች ናጅዋ። «ስምንት ዓመቷ ነው። ትንሽ አሟታል።»

በልቼ ስጨርስ እናቷ ሳህኑን አንስታ ወጣች። ከውጭ ሲሰበር ሰማሁት። አምልጧት አይደለም። ደጋግማ ነው የመታችው።

«ምን ሆነች?»

«ማንም እንዳይበላበት ነው» አለች ናጅዋ። ከዛ ቶሎ ብላ «ነይ እንጫወት» አለችኝ።

ሻሿን አውልቃ ዓይኔን አሰረችልኝ። እጄን ይዛ መጋረጃውን አሳለፈችኝ። የታጠበው እግሬ ለብ ያለ፣ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው?»

«አመድ ነው። አትፍሪ። እኔ ከዚህ ሆኜ እመራሻለሁ፣ አንቺ ዙሪ። ሰባት ስንሞላ ጨዋታው ያልቃል።»

«ማን ነው የሚያሸንፈው?»

እጄን ለቀቀችው።

«አንድ...» አለች።

ዞርኩ። በግራ እጄ የአልጋ ጠርዝ እየነካሁ ነው። ትንፋሹ ከመሃል ይመጣል። ሲር... ሲር...

«ሁለት...»

«ሦስት...»

ከበሩ በኩል እናቷ ታለቅሳለች። አፏን አፍና፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ነው የምታለቅሰው። ጆሮዬ ግን አልሳተም።

«አራት...»

«ናጅዋ፣ እናትሽ ምን ሆነች?»

«አምስት... ዙሪ።»

ጡቴ ስር የሆነ ነገር ከበደኝ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ይታወቀኛል። ከአልጋው የሚመጣው ድምፅ ደግሞ... እየቀለለ ነው።

«ስድስት...»

አንዲት ትንሽ እጅ አንጓዬን ያዘችኝ። የሚፋጅ ትኩሳት አላት። የትንሽ ልጅ ድምፅ ከአልጋው ላይ ሹክ አለኝ።

«ሰባተኛውን አትዙሪ...»

ቀጥ አልኩ።

«ምን አለችሽ?» አለች ናጅዋ። ድምፅዋ ተቀይሯል። «ሉብና፣ ምን አለችሽ? ዙሪ!»

ሻሹን ከዓይኔ ገፈፍኩት።

አልጋው የክፍሉ መሃል ላይ ነው። ላዩ ላይ አጥንቷ የቀረ ትንሽ ልጅ ተጋድማ ታየኛለች። ዓይኗ ብቻ ነው ያለው። እናቷ በሩ ጋ ያዘጋጀችልኝን ልብስ ይዛ ቆማለች። እጅጌ የለውም። አንገት የለውም። ያልተዘመዘመ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ላይ ያ የተቋጠረው ክር ተጋድሟል።

አያቴ ሲሞቱ እንደዛ ያለ ጨርቅ አይቻለሁ።

«አንድ ብቻ ነው የቀራት» አለች እናቷ። እኔን ሳይሆን ናጅዋን ነው የምታናግረው። «አሳምኛት።»

«ናጅዋ... ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

ናጅዋ እያለቀሰች ነበር።

«ጓደኛዬ ነሽ» አለችኝ። «ወላሂ ከልቤ ነው። እሷ ግን እህቴ ናት...»

ሮጥኩ። በሴትዮዋ ክንድ ስር ሾልኬ፣ ጫማዬን ጥዬ፣ በባዶ እግሬ። እናቷ አላሳደደችኝም። ቦዩ ጋ ስደርስ ናጅዋ ከኋላዬ ቆማ ተጣራች።

«ሉብና... ተመለሺ... አንድ ብቻ ነው...»

ያን ጊዜ እንኳን ዞሬ አየኋት። ሰው ቂል ነው፤ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ነው ያየኋት።

እጇን ዘርግታ ቆማለች። «ስንት ጊዜ ስላንቺ ተጣላሁ?» አለችኝ። «አንቺ አንድ ዙር ትነፍጊኛለሽ?»

ቤት ስደርስ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ማታ ላይ ደረቴ ጮኸ። ሲር... ሲር... ያው ድምፅ ነው። የእሷ ትንፋሽ እኔ ውስጥ ገብቷል።

ለእናቴና ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥያቄዎቹን... ክሩን... «ወድጄ ነው» ያልኩትን። አባቴ ስለ ላባው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጭዳ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ሰው ሲታመም ዶሮ በላዩ ያዞሩበታል። በሽታው ወደ ዶሮዋ ይሄዳል ይላሉ፤ ከዛ ይጥሏታል። ማንም አይበላትም። ዶሮዋ ደግሞ ዝም ብላ አትመረጥም። ጠንቋዩ ነው ቀለሟን የሚነግራቸው። ቀይ አምጡ፣ ነጭ አምጡ፣ ገብስማ አምጡ...» አለና አቆመ።

«ዶሮው አልሠራ ሲላቸውስ?» አለች እናቴ።

አባቴ እኔን ነው ያየው። እጄን ነው ያየው።

ያኔ ገባኝ። ናጅዋ የመጣች ቀን በር ላይ ቆማ ስትፈልግ የነበረው ጓደኛ አይደለም። ግራኝ፣ በኩር፣ ጁምዓ የተወለደች... እንዲህ ያለች አምጡ ተብለው ነው። ማንጎውም፣ ሒሳቡም፣ የነከሰችው ልጅም... ዶሮም እኮ እስኪደርስ ጥሬ ይበተንለታል። የዛን ሌሊት ያስለቀሰኝ ሞት አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ መክረሜ ነው።

እናቴ ቁርዓን ስትቀራብኝ አደረች። ትንፋሼ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ልክ ጎህ ሲቀድ፣ የሱብሂ አዛን ሲል... ቆመ። ድምፁ ማለቴ ነው። ደረቴ ክፍት አለ። ውሃ ጠጣሁ። ተነስቼ ቆምኩ።

አባቴ ሁለት ጎረቤት ጠራ። ቤቱን እንዳሳይ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ደረስን።

ማንም የለም። ድስቱም፣ ምንጣፉም፣ መጋረጃውም ተነስቷል። ናጅዋን ከዛ ቀን ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ግራና ሄደው ስለ እሷ የጠየቁ ሰዎችም እንዲህ ያለ ቤተሰብ አናውቅም ነው የተባሉት።

የቀረው አልጋው ነው። ባዶውን። ነጩ ጨርቅ ላዩ ላይ የለም።

አባቴ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። አመዱ እንዳለ ነው። የእኔ እግር አልጋውን ዞሮታል። ዝቅ ብሎ ዙሩን አንድ በአንድ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ።

«ስድስት» አለ። ጣቱ ግን አልቆመም።

ሌላ አንድ ዙር ነበር።

ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ፣ በባዶ እግር፣ እኔ ከሄድኩበት በተቃራኒ የዞረ። አባቴ እግሬን አንስቶ ከዱካው ጎን አሳረፈው። ከእኔ በብዙ ያንሳል።

«ይቺ ልጅ መቆም ትችል ነበር?» አለኝ።

«አትችልም» አልኩት።

በዓይናችን ተከተልነው። አልጋውን ሙሉ ዞሯል። ወደ አልጋው ግን አልተመለሰም። ወደ መስኮቱም፣ ወደ በሩም አልሄደም። ከእኛ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የሁለት ትንንሽ እግሮች ዱካ ጎን ለጎን ቆሟል፤ ጣቶቻቸው ወደ እኔ ዞረዋል።

ከዛ ወዲህ ባለው አመድ ላይ የእኔ የሽሽት ዱካ እንጂ የዛ ትንሽ እግር አንድም የለም።