ዝርዝሩ ላይ የተዘጋው ሰርቨር

«ዳውንሎዱ አልቋል» አለ ሪኩቶ፣ ፍላሹን እያወዛወዘ።

ሂናኮ ቦርሳዋን ሳታወርድ የክበቡ ክፍል በር ላይ ቆመች። ወደ መዝሙር ልምምድ ስትሄድ ኮምፒውተሩ «አምስት ሰዓት ይቀራል» ይል ነበር። የቆየችው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።

«ከየትኛው ሰርቨር አወረድከው?»

«ከኮሪያው። የካናዛዋው ዩኒቨርሲቲ ተጨናንቋል። የኮሪያው ግን ይበራል።»

የኮምፒውተር ክበቡ ያደሳቸውን አሮጌ ላፕቶፖች ነገ በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ለሰፈሩ አዛውንቶች ያስረክባል። የሚጫንባቸው ነፃ ፕሮግራም ግዙፍ ስለሆነ፣ አዘጋጆቹ ግልባጩን በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች ላይ አስቀምጠውታል። የሚፈጥነውን መምረጥ የአውራጁ ፈንታ ነው።

ሂናኮ ዝርዝሩን ከፈተች። ከኮሪያው ስም ጎን «ለጥገና ተዘግቷል» ይላል።

ፍላሹን ሰክታ የፋይሉን ማረጋገጫ ኮድ አወጣች። ፋይሉ ካልተነካካ ኮዱ ዋናው ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም ነበረበት። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ተለያየ።

«ኮዱን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ምነው፣ መርማሪ ሆንሽ እንዴ?» ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

«የኮሪያው ዝግ ነው፣ ሪኩቶ።»

ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ጌም የምንጫወትበት ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ ሊንክ ላከልኝ። ያው ነው ባክሽ፣ አታካብጂ።»

«ልጁን ታውቀዋለህ?»

«በጌም ስሙ።»

መስኮቱ ሥር አንድ ላፕቶፕ በርቷል። ሂናኮ ወደዚያ ዞረች። «እሱ ላይ ጭነኸዋል?»

«ለሙከራ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ኢሶቤም መጥተው አዩት፤ ደስ አላቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢሜይላቸውንም ከፈቱበት።»

ሂናኮ ሄዳ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አላቀቀችው። ከዚያ በራሷ ኮምፒውተር የካናዛዋውን ሰርቨር መርጣ ማውረድ ጀመረች። እንደ ኤሊ ይጎተታል።

«ፕሮግራሙ የይለፍ ቃላቸውን ሰርቆት ሊሆን ይችላል፤ መምህር አሁኑኑ መቀየር አለባቸው» አለች። «አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ?»

«ከክበቡ ያባርሩኛል።»

«ሊያባርሩህ ይችላሉ።»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወለሉን አየ። ሂናኮ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የመምህራን ቢሮ ቅርብ ነው፤ ብቻዋን ደርሳ መመለስ ትችል ነበር። በሩን በእጇ ደግፋ ክፍት እንደያዘች ጠበቀችው።